አልሳብ ወይም አልጠቀለል ያለ የመኪና ቀበቶ፦ ማጽዳት፣ ማስጠገን ወይስ መቀየር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤተሰባችን ኮሮላ የሾፌር ቀበቶ ግማሽ ድረስ ተስቦ ቀጥ ይል ጀመር። አንድ ጋራዥ ወሰድሁት። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቀበቶው እንደ አዲስ ሆኖ ጠበቀኝ፤ በአንድ ጣት ይሳባል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይገባል። ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት ልጅ ኳስ ተከትላ ድንገት መንገድ ገባች፤ ፍሬን ረገጥሁ። መኪናው ቆመ፣ ልጅቷም ተረፈች፤ የእኔ ደረት ግን መሪው ላይ ደርሶ ነበር። ቀበቶው አብሮኝ ተስቦ መጣ እንጂ አልያዘኝም። በኋላ ሲፈታ እንዳየሁት፣ መጠቅለያው ውስጥ መኖር የነበረባት ትንሽ የብረት ብይ ከነቤቷ ወጥታለች። "ጥገናው" እሷን አውጥቶ መጣል ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀበቶ ተሠርቷል ሲባል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይይዛል ወይ? መሳቡንማ ማንም በእጁ ያየዋል።

ጉዳዩ የብዙዎቻችን ነው። በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ለሞተሩ በየጊዜው ዘይት እንቀይራለን፤ ቀበቶውን ግን እስኪቆም ድረስ የሚያየው የለም። ሲቆምም ቆልፎ ከጀርባ አድርጎ መቀመጥ፣ ወይም ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ስቦ ደረት ላይ በእጅ መያዝ እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያለን ሰው የመሞት አደጋ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። በእጅ የተያዘ ቀበቶ ከዚህ ምንም ድርሻ የለውም።

ምክር የሚሰጥ ሰው ሞልቷል፤ አንዱ እጠበው ይላል፣ ሌላው ከፍተህ ዘይት አድርግበት፣ ሦስተኛው ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂድ ይላል። ሁሉም ለአንድ ዓይነት ብልሽት እንደሚናገሩ ስለሚያስቡ ነው ግራ የሚያጋቡን።

በእርግጥ ተበላሽቷል?

የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያበቃው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። በኋላ የተጨመረው ትልቅ ነገር በመኪናው የመሃል ምሶሶ ውስጥ የተደበቀው መጠቅለያ ነው። በውስጡ ጥብጣቡን የሚመልስ ሞላ አለ፤ ከዚያ በተጨማሪ ሁለት ጠባቂዎች አሉት። አንደኛው የመኪናውን ሁኔታ የሚያዳምጥ ብይ ወይም ፔንዱለም ነው፤ መኪናው በኃይል ሲቆም ወይም በጣም ሲያዘነብል ተንሸራቶ ጥርሱን ይቆልፋል። ሁለተኛው የጥብጣቡን ፍጥነት የሚያዳምጥ ነው፤ በድንገት ሲሳብ ይቆልፋል።

ስለዚህ ዳገት ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ቀበቶ አልሳብ ቢል ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል። ተቻኩለው በኃይል ሲጎትቱትም እንዲሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ጥብጣቡ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲገባ ለቀው፣ ቀስ ብለው ይሳቡት። ሙሉ በሙሉ ገብቶ የተቆለፈ ከሆነ የቶዮታ የተጠቃሚ መመሪያ የሚመክረው አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ስቦ መልቀቅ፣ ከዚያም በዝግታ መሳብ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩት።

ሌላም አለ። በአንዳንድ መኪናዎች የተሳፋሪ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ከተሳበ በኋላ ሲመለስ "ቀጭ ቀጭ" እያለ ይገባል፣ መልሶም አይወጣም። ይህ የሕፃን ወንበር ለማሰር የተሠራ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እንዲጠቀለል ሲተዉት ራሱ ይለቃል። ልጆች ኋላ ተቀምጠው በቀበቶ ሲጫወቱ አንገታቸው ላይ ከጠቀለሉት ይኸው ቁልፍ እየጠበቀ ይሄዳልና፣ እንዲህ ከሆነ ለመፍታት ሳይታገሉ በመቀስ ይቁረጡት።

ይህን ሁሉ ሞክረው ካልሆነ ብልሽቱን ይለዩ። የሚሳብ ግን ቀስ ብሎ ወይም ጨርሶ የማይመለስ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው፤ አለዚያ የደከመ ሞላ ነው። ሜዳ ላይም የማይሳብ ከሆነ ውስጥ የተጠማዘዘ ጥብጣብ፣ የተዛባ አቀማመጥ ወይም የተበላሸ ቁልፍ ይኖራል። ምላሱ፣ ማለትም ወደ መቆለፊያው የሚገባው ብረት፣ አልገባ ወይም አልወጣ ካለ የመቆለፊያው ጉዳይ ነው፣ መጠቅለያውን አይንኩ። ከግጭት በኋላ ቀጥ ያለና የኤርባግ መብራት በርቶ የቀረ ከሆነ ግን ፕሪቴንሽነሩ ሳይፈነዳ አይቀርም። ይህ በግጭት ቅጽበት በትንሽ ባሩድ መሰል ጋዝ ቀበቶውን ወደ ኋላ የሚስብ መሣሪያ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፣ ከዚያ መለወጥ እንጂ መጠገን የለም።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ መያዝ ነው፦ ከሥራው በኋላ ቀበቶው በግጭት ጊዜ እንደሚይዝ ማረጋገጥ ይቻላል? ይህን ያላለፈ አማራጭ ርካሽ ቢሆንም፣ በግማሽ ሰዓት ቢያልቅም ከዝርዝሩ ይወጣል። ካለፈ ብቻ ወደ ሌሎቹ እንሄዳለን፦ ለየትኛው ብልሽት ይሆናል፣ የሚሠራውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣል ወይ፣ ስንት ብርና ስንት ቀን ይወስዳል። የብር ቁጥር አልጻፍሁም፤ ዋጋው በየወሩ ይለወጣል፣ የአማራጮቹ ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም።

ማጽዳት

አልመለስ ላለ ቀበቶ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህ ነው፤ ብዙውም እዚሁ ያበቃል። ላብ፣ አቧራና የፀጉር ቅባት ተቀላቅለው ጥብጣቡን ያደድሩታል፤ በትከሻ በኩል ባለው ቀለበት ውስጥም እንደ ሰም ይጋገራሉ። ሞላው ጤነኛ ቢሆንም ይህን ጎትቶ ማለፍ ያቅተዋል። የሆንዳ መመሪያ ቀለበቱን በለስላሳ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ወይም በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግን የሚጠቅሰው ለዚህ ነው።

ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው እንዳይመለስ ከመጠቅለያው አፍ አጠገብ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት። ለስላሳ ሳሙና በለብታ ውኃ በጥብጠው፣ በለስላሳ ብሩሽ በቁመቱ ይሹት፤ የሚወርደው ውኃ ጥቁር ቢሆን አይደንግጡ። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ያውጡ። ውኃ ወደ መጠቅለያው እንዳይወርድ ይጠንቀቁ። ከዚያ መስኮቱን ከፈት አድርገው በጥላ ያሳድሩት፤ እርጥቡን ከጠቀለሉት ይሻግታል። በረኪና፣ ቤንዚንና ላምባ አያስነኩት። ጥብጣቡ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ እነዚህ ድሩን ያዳክሙታል፣ ድካሙም በዓይን አይታይም። ዘይትና ግሪስም እንዲሁ ይቅሩ፤ ለአንድ ሳምንት ያንሸራትታሉ፣ ከዚያ የከተማውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባሉ።

መጠቅለያው ስለማይነካ የመያዝ ችሎታውን አይቀንስም። ወጪው የሳሙናና የአንድ ጠርሙስ አልኮል ነው። ጨርሶ የተቆለፈን ግን አይፈታም።

ጥምዝምዙንና አቀማመጡን ማስተካከል

የወንበር ልብስ ከተሰፋ ወይም የላሜራ ሥራ ከተሠራ በኋላ ቀበቶ አልሳብ ካለ፣ መጠቅለያውን ከመጠርጠር በፊት አገጣጠሙን ይጠርጥሩ። ብይዋ የምትሠራው መጠቅለያው መኪናው በተሠራበት አኳኋን ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ዘንበል ብሎ ከታሰረ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ይቆልፋል። የፕላስቲክ መሸፈኛውን በካቻቢቴ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ቡሎኑን ማላላት፣ የመጠቅለያውን ጥርስ በቀዳዳው ማስቀመጥ፣ መልሶ ማጥበቅ፣ ሥራው ይኸው ነው። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ቡሎኑ በ14 ቁልፍ ይፈታል። የማጥበቂያ ልኩ በጥገና መመሪያው አለ፤ በእጅ ስሜት የሚታለፍ ቡሎን አይደለም።

ቀለበቱ ላይ የታጠፈ ጥብጣብ ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ ይስተካከላል። መታጠፊያውን ወደ ሰፊው ቦታ ያውርዱት፣ ጥብጣቡን በሰያፍ አጥፈው በምላሱ ቀዳዳ ውስጥ ያሳልፉት።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኤርባግ ያለው መኪና ቀበቶው ላይም ፕሪቴንሽነር ሊኖረው ይችላል፤ ከመጠቅለያው የሚወጣ ቢጫ ሶኬት ብዙ ጊዜ ምልክቱ ነው። ቁልፍ አጥፍተው፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው ሳይጠብቁ አይንኩት። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፤ እኔ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ሶኬቱን በመለኪያ መሣሪያ መፈተሽ ጨርሶ ክልክል ነው፤ ትንሿ ኤሌክትሪክ ልታፈነዳው ትችላለች።

መጠቅለያውን ከፍቶ መጠገን

አይሁን። በአንድ በኩል ያለውን ክዳን ሲከፍቱ ሞላው ተወርውሮ ይወጣል፤ ፊትና እጅ ይቆርጣል፣ ተመልሶም በትክክለኛው ጥብቀት አይገባም። በሌላው በኩል ያለውን ሲከፍቱ ብይዋንና ጥርሶቹን ያገኛሉ። መካኒኩ ክፉ አይደለም፤ እርስዎ "እንዲሳብ አድርግልኝ" ብለውታል፣ የሚቆልፈውን ቢያነሳ በእርግጥ ይሳባል። የእኔም የሆነው ይኸው ነው። ለዚህ ነው ጋራዥ ሲሰጡ ቃሉን መለወጥ ያለብን፦ "እንዲሳብም፣ ሲቆም እንዲይዝም፤ መጠቅለያው ሳይከፈት።" ሳይከፈት በአየር ግፊት አቧራውን ማስነፋት ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ካስፈለገው ዕቃው ይቀየር።

ያገለገለ ኦሪጅናል መግዛት

አብዛኛው ሰው የሚያበቃው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብተው ከተቆለለው መካከል የእርስዎን መኪና ቀበቶ ሊያገኙ ይችላሉ። ችግሩ ያ ቀበቶ ከምን ዓይነት መኪና እንደተፈታ አለማወቅዎ ነው። ከባድ ግጭት ውስጥ ሰው የያዘ ቀበቶ ሁለተኛ ሰው መያዝ የለበትም፤ ድሩ ተለጥጧል።

ግጭት ግን ምልክት ይተዋል። ጥብጣቡን እስከ መጨረሻው አውጥተው ብርሃን ላይ ያዩት። ምላሱና ቀለበቱ በሚውሉበት ቦታ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ የቀለጠ የሚመስል ወይም የተሸበሸበ ክፍል ካለ ይተዉት። የቀለበቱን ፕላስቲክ በጣት ይዳስሱ፤ በፍጥነት በተሳበ ጥብጣብ የተፋቀ ጎድጓዳ መስመር ካለ ይተዉት። ጠርዙ የተቆረጠ፣ ድሩ ያበጠ፣ ቀለሙ በፀሐይ የነጣ፣ ጫፉ ላይ ያለው የፋብሪካ ስፌት የተነካ ሁሉ አይገዛም። በጥብጣቡ ግርጌ አካባቢ የተሰፋች ምልክት የዕቃ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም የተሠራበትን ዘመን ትነግራለች፤ ከራስዎ ጋር ያስተያዩዋት። የተቀደደች ከሆነ ለምን እንደተቀደደች ይጠይቁ።

ከዚያ መያዙን እዚያው ይፈትኑ። እጅ ላይ ያለ መጠቅለያ ተጋድሞ ከሆነ ጥብጣቡ አይሳብም፤ ሻጩም ገዢውም ተበላሽቷል ሊሉ ይችላሉ፣ ነገር ግን እንዲያ መሆኑ ጤና ነው። መኪና ውስጥ እንደሚቆመው ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ ቀስ ብለው ይሳቡት፤ መውጣት አለበት። አሁን ያዘንብሉት። የቶዮታ የጥገና መመሪያ መለኪያ ግልጽ ነው፦ እስከ 15 ዲግሪ ሲያዘነብል ይሳብ፣ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ይቆለፍ። በመጨረሻ ቀጥ አድርገው በድንገት ይንጠቁት፤ መያዝ አለበት። ሦስቱን ያላለፈ ዕቃ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ግራና ቀኝም አንድ አይደለም። ከጃፓን የመጣ የቀኝ መሪ መኪና የሾፌሩ ቀበቶ በቀኝ ምሶሶ ላይ ነው፤ የእኛ ሾፌር በግራ ነው። ከገልፍ አገሮች የመጣ መኪና ዕቃ እንደእኛው የግራ መሪ ስለሆነ ይቀላል። መቆለፊያውንም ይመልከቱ፤ የሾፌሩ ብዙ ጊዜ የዳሽቦርዱን መብራት የሚያጠፋ ሽቦ አለው። ፕሪቴንሽነር ያለውን ያገለገለ ቀበቶ ግን አልመክርም፤ ፈንድቶ እንደሆነ፣ ተነካክቶ እንደሆነ በእጅ መፈተን አይቻልም።

አዲስ ኦሪጅናል

በሻንሲ ቁጥር የታዘዘ አዲስ ቀበቶ ሁሉንም መመዘኛ ያልፋል፤ ከኪስና ከጊዜ በስተቀር። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ፕሪቴንሽነር ላለው መኪና ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

ሁለንተናዊ ቀበቶና የተሰፋ ቀበቶ

ለማንኛውም መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ አዲስ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ መጠቅለያ ላልነበራቸው ወይም ዕቃቸው ለጠፋ አሮጌ ላዳዎችና ቮልሶች ይጠቅማል። በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን "ኢ" ፊደልና ቁጥር ያለው ምልክት ይፈልጉ፤ በተባበሩት መንግሥታት የቀበቶ ደንብ ቁጥር 16 መሠረት መፈተኑን ያሳያል። በፋብሪካው የማሰሪያ ቦታ ብቻ ይታሰር፤ በስስ ላሜራ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቶ ማሰር ዋጋ የለውም።

ጫማ ሰፊ ዘንድ የተሰፋ ጥብጣብ የመጀመሪያውን መመዘኛ አያልፍም። ክሩም፣ የስፌቱ ንድፍም ለዚያ ኃይል አልተሠራም።

መቆለፊያው ብቻ ከሆነ

ሳንቲም፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣ የለውዝ ልጣጭ ከልጆች እጅ ወደ መቆለፊያ ይገባል። ወደታች ገልብጠው ያራግፉት፣ በአየር ያስነፉት። ሰው ታስሮ ካልተፈታ ምላሱን ወደ ውስጥ እየገፉ ቀዩን የመልቀቂያ ቁልፍ ይጫኑ፤ ውጥረቱ ሲላላ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የቀዩ ፕላስቲክ መሰንጠቅን ቀላል አድርገው አይዩት። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ በአብዛኛው ጃፓን ሠራሽ የሆኑ መኪናዎች ታካታ በሠራቸው ቀበቶዎች ምክንያት ለጥገና ተጠርተዋል፤ ቀዩ ቁልፍ በፀሐይ ጨረር እየተሰባበረ ስብርባሪው ውስጥ ይገባ ነበር። መኪናቸው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚውል ሁሉ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የተሰነጠቀ መቆለፊያ ይቀየራል፤ ደግነቱ ለብቻው ይሸጣል፣ ከሙሉ ቀበቶም ይረክሳል።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ለየትኛው ብልሽት | ይይዛል? | ወጪ | ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| ማጽዳት | አልመለስ ላለ | እንደነበረ ይይዛል | እጅግ ዝቅተኛ | አንድ ሌሊት |
| አቀማመጥ ማስተካከል | ሜዳ ላይ ለሚቆለፍ፣ ለተጠማዘዘ | በትክክል ከታሰረ | ዝቅተኛ | ግማሽ ቀን |
| መጠቅለያ ከፍቶ መጠገን | ለምንም | ማረጋገጥ አይቻልም | ዝቅተኛ | ሰዓታት |
| ያገለገለ ኦሪጅናል | ለደከመ ሞላ፣ ለተበላሸ ቁልፍ | ሦስቱን ፈተና ካለፈ | መካከለኛ | እስኪገኝ |
| አዲስ ኦሪጅናል | ለሁሉም፣ ለፈነዳም | አዎ | ከፍተኛ | ሳምንታት |
| ሁለንተናዊ | ዕቃ ለጠፋለት አሮጌ መኪና | ምልክት ካለውና በቦታው ከታሰረ | መካከለኛ | አንድ ቀን |
| የተሰፋ ጥብጣብ | ለምንም | አይይዝም | እጅግ ዝቅተኛ | ደቂቃዎች |

ለእርስዎ የቱ?

ኤርባግ የሌለው የቆየ ኮሮላ ካለዎትና በጀትዎ ጠባብ ከሆነ፦ ያጽዱ፣ አቀማመጡን ያዩ፣ ካልሆነ ያገለገለ ይግዙ። ለሾፌሩ ያገለገለ ካልተገኘ የኋላውን ቀበቶ ወደ ፊት አምጥተው አይግጠሙ፤ አቀማመጡ ስለሚለያይ ብይዋ በትክክል አትሠራም።

ቪትዝና ያሪስን የመሰሉ ባለ ኤርባግ መኪናዎች ከሆኑ ከጽዳት ያለፈውን ሁሉ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡ፣ ዕቃውን አዲስ ያስመጡ። እስኪመጣ ድረስ በዚያ ወንበር ሰው አይቀመጥ። የተበላሸው የሾፌሩ ከሆነ መኪናው ይቁም፤ ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሌላ የምመክረው የለኝም።

ለሚኒባስ ባለቤቶች፦ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ እየወረደ እየወጣ ቀበቶውን ስለሚስብ ሞላው ቶሎ ይደክማል። የሾፌሩንና የጋቢናውን በየስድስት ወሩ አጽዱ፤ ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ቀበቶ ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ ነው የሚገባው።

በአሜሪካ ያላችሁ በሻንሲ ቁጥሩ የጥገና ጥሪ እንዳለ በመንግሥቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ጥሪ ካለ ጥገናው በነጻ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝና በጀርመን ያላችሁ ደግሞ የተቆራረጠ ወይም የማይሠራ ቀበቶ ይዛችሁ በየጊዜው የሚደረገውን የመኪና ምርመራ እንደማታልፉ ታውቃላችሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት ባዶ ሜዳ ይፈልጉ። ከኋላ ማንም እንደሌለ አይተው፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ፍሬኑን በኃይል ይርገጡ። እጅዎ መሪው ላይ፣ ሰውነትዎ ለመደገፍ ዝግጁ ይሁን። ቀበቶው ደረትዎን ከያዘ ይክፈሉ። ተስቦ አብሮዎት ከመጣ መኪናውን እዚያው ጋራዥ ይመልሱት፣ መጠቅለያው ተከፍቶ እንደሆነም በግልጽ ይጠይቁ።